ውሉን በአማርኛ አሳዩን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መቀስ ከያዝኩ ከ30 አመት በላይ ሆኖኛል። ባለፈው እትማችሁ ስለ ግሎባላይዜሽን የወጣውን ጽሁፍ ደንበኛ እየጠበቅሁ ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ግሎባላይዜሽን ማለት የውጭ ባህል እየገባ የኛን የሚያጠፋበት መንገድ ነው፣ የጀመረውም ዲሽና ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ ነው ይላሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ግን ነገሩን እንዲህ ብቻ ከተረዳነው ትልቁ ነገር ያመልጠናል ብዬ ስለሰጋሁ ነው የምጽፍላችሁ።

እስኪ ከሱቄ ልነሳ። ካልሲ፣ ካኔተራ፣ ከረባት የምንላቸው ቃላት ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ካኪ ከህንድና ከፋርስ በኩል የመጣ ሲሆን ትርጉሙም አቧራ መሳይ ማለት ነው። አያቶቻችን የለበሱት አቡጀዴ አሜሪካ ተሸምኖ በቀይ ባህር ወደብ ገብቶ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ የመጣ ጨርቅ ነበር። ባቲ ገበያ እናቶች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ማርትሬዛ ብር ላይ ያለችው ሴትዮ የኦስትሪያ ንግስት ናት፣ እሷ ከሞተች ወዲህ ብሩ በየትኛውም አመት ይሰራ የሚጻፍበት በፈረንጆቹ 1780 ነው። የእናቴ አባት ሐጅ ያደረገው በእግሩ ቆላ ወርዶ ባህሩን በጀልባ ተሻግሮ ነው፣ በሄደበት ከየአገሩ ከመጣ ሰው ጋር አንድ ሰፍ ቆሞ ሰግዶ ነው የመጣው። ስለዚህ ወሎ ከዓለም ጋር የተዋወቀው በዲሽ ነው ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም።

የወንድሜ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ስለ ግሎባላይዜሽን የተማረበትን ሃንዳውት ሱቅ ድረስ አምጥቶ አነበበልኝ። በአማርኛ ሉላዊነት ይሉታል አለኝ። ሉል በግዕዝ ዕንቁ ማለት መሆኑን ስለማውቅ ቃሉ ደስ አለኝ። ዴቪድ ሄልድ የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1999 በፈረንጆቹ የሰዉን አመለካከት በሶስት ከፍሎታል። አንደኞቹ እንደ ጃፓናዊው ኬኒቺ ኦማኤ ዓለም አንድ ገበያ ሆናለች፣ ድንበር ከእንግዲህ ዋጋ የለውም የሚሉ ናቸው። ሁለተኞቹ የለም ይሄ አዲስ አይደለም፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ንግዱ እንዲሁ ክፍት ነበር፣ መንግስታትም ዛሬም ጉልበታቸው አለ ይላሉ። ሶስተኞቹ ደግሞ መንግስት አልጠፋም ግን አቅሙም ስራውም እየተለወጠ ነው፣ የት እንደሚደርስ አይታወቅም ባዮች ናቸው። እኔ ለሁለተኞቹ አደላለሁ፣ የአቡጀዴው ነገር እነሱን ነው የሚደግፍልኝ። ግን ሶስቱም ነገሩን ከላይ ሆነው ነው የሚያዩት፣ ታች ያለው ሰው ጋ እንዴት እንደሚደርስ ከሃንዳውቱ አላገኘሁትም።

ታች ያለውን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ 10ኛ ክፍል እንደጨረሰች ኮምቦልቻ ገባች። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ነው፣ እሷ ትንሽ ቆይታ እዚያ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጠረች፣ ከሶስት መሰሎቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ለአረፋ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ስትመጣ ሱቅ ውስጥ ያልጨረስኩት ኮት ነበረኝ፣ እስቲ ሞክሪው ብዬ ሰጠኋት። እጅጌውን ስትገጥመው ቆሜ አየሁ። የጨርቁ መስመር ከትከሻው መስመር ጋር አንድም ሳይዛነፍ ገጠመ፣ ጊዜውም እኔ ከምፈጀው ግማሹን አልሞላም። ወላሂ ኮራሁባት። ከዛ ቀና ብላ አጎቴ ኮሌታው እንዴት ነው የሚገባው አለችኝ። ስምንት ወር ሙሉ ኮት የሚሰፋበት ቤት ሰርታ ኮሌታ ሲገባ አይታ አታውቅም። እሷ ያለችበት መስመር እጅጌ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ኮሌታው ሌላ መስመር ነው፣ አለቃዋ በሰአት ይሄን ያህል እጅጌ ብሎ ታርጌት ይሰጣታል፣ ጭንቅላቷን ቀና ካደረገች ይጎድልባታል። እኔ ጋ ግን ስምንት ወር የተቀመጠ ልጅ ሱሪ ቆርጦ ይሰፋል።

በዚያው ሰሞን ስለ ኢትዮጵያ ልብስ ፋብሪካዎች በውጭ አገር አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነው፣ ከዓለም ልብስ አምራች አገሮች ዝቅተኛው ነው ይላል። እሷ ግን አልከፋትም ነበር፣ ለእናቷ ትልክ ነበር፣ ስልክ ገዝታለች፣ እኔም ብዬ ሰው ሆንኩ ትል ነበር። ይሄን የምጽፈው ፋብሪካ መጥፎ ነው ለማለት እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ፣ ያየነውን አይተናል። ኅዳር መጨረሻ ሰላም ሲመለስ ልጅቷ ወደ ስራዋ ስትሄድ ፓርኩ ተዘርፏል፣ ተሰባብሯል። እሺ ይሄስ ይጠገናል። ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አወጣቻት። አጎዋ ማለት አሜሪካኖቹ በኛ 1992 ያወጡት ህግ ነው፣ የአፍሪካ አገሮች እቃቸውን ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡላቸው የሚፈቅድ፣ ከኛ በኩል ዋናው ተጠቃሚም የልብስ ስፌቱ ነበር። ያስወጡንም በጦርነቱ የሰብአዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል ብለው ነው። ቀኑን አስተውሉልኝ፣ ኮምቦልቻ ከጦርነቱ ከወጣች ወር እንኳን አልሞላትም። ጦርነቱ የደረሰባት ልጅ ናት ቅጣቱም የደረሰባት። እሷ የነበረችበት ፋብሪካ ትእዛዝ የለም እያለ ሰው ቀነሰ፣ እሷም ተቀነሰች። ዋሽንግተን ያ ወረቀት ሲፈረም እጅጌ የምትሰፋ ልጅ ኮምቦልቻ አለች ብሎ የተናገረላት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከዛ በኋላ ያው የወሎ ልጅ መንገድ ነው፣ አረብ አገር። ልትሄድ ስትል ኮንትራቷን ፎቶ አንስታ በኢሞ ላከችልኝ፣ ግማሹ አማርኛ ግማሹ አረብኛ ነው። አማርኛው በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን ይኖራታል ይላል። አረብኛውን ለጎረቤቴ ለመድረሳ አስተማሪው አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡትና እዚህ ላይ አሰሪዋ ከፈቀደ እረፍት ሊሰጣት ይችላል ነው የሚለው አሉኝ። ይኖራታል እና ሊሰጣት ይችላል። ደውዬ ነገርኳት፣ አጎቴ ብሩ ተከፍሏል፣ ቪዛው ወጥቷል፣ ምን ላድርግ አለችኝ። ሄደች። አሁን ሁለት አመት ሊሆናት ነው፣ አርብ አርብ ስደውልላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከኩሽና ነው የምታወራኝ።

ያን ቀን ማታ የመጣብኝ ውጫሌ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን ሐይቅን አልፎ የሚሄድ ሰው ያገኛታል፣ እዚሁ አምባሰል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከኤሮፓ ነገስታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ነው የሚለው፣ የጣሊያንኛው ደግሞ ግዴታቸው ነው ተብሎ ተያዘ፣ ጣሊያንም በዚያ ተነስታ ኢትዮጵያ የኔ ጥገኛ ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ምኒልክና ጣይቱ ልዩነቱን ሲያውቁ አንቀበልም አሉ፣ ውሉን አፈረሱት፣ መጨረሻው አድዋ ሆነ። እዚያ የኛ ይቻላል በነሱ ቋንቋ ግዴታ ሆነ፣ በልጅቷ ወረቀት ላይ የኛ ግዴታ በነሱ ቋንቋ ይቻላል ሆነ። ንጉስ የሚሟገትለት ጸሐፊና አስተርጓሚ አለው፣ 10ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ማን አላት?

እኔ ግሎባላይዜሽንን የምረዳው በዚህ ነው። የባህር ማዶ እቃ፣ ዘፈን፣ ልብስ መምጣቱ አያስፈራኝም፣ ሁሌም ሲመጣ የነበረ ነው፣ እኛም ቆርጠን በልካችን ሰፍተን ለብሰነዋል። የሚያስፈራኝ ሩቅ የሚወሰነው ነገር በአንድ ጀምበር እኛ ጋ ሲደርስ የኛ ቃል ግን እነሱ ጋ አለመድረሱ ነው፣ ከደረሰም ተለውጦ መድረሱ ነው። ጸሐፊው ስለ ጂንስና ስለ ጸጉር አቆራረጥ የጻፉትን ያህል ስለዚህም ቢጽፉ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ከዝግጅት ክፍሉ የምለምነው አለኝ። ኮምቦልቻ ፓርክ አዲስ ኩባንያ በገባ ቁጥር ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ ታወጣላችሁ፣ ጥሩ ነው። ከፎቶው ጎን የሰራተኛውን የቅጥር ውል በአማርኛ አውጡልን፣ ደሞዙን፣ የስራ ሰአቱን፣ ትእዛዝ ቢቋረጥ ለሰራተኛው ምን እንደሚከፈል። ወደ አረብ አገር የሚኬድበትንም ውል የሁለቱንም ቋንቋ ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ አረብኛ የሚያውቅ ሰው አስነብባችሁ አትሙልን። ጋዜጣችሁን ፒያሳም ሰኞ ገበያም ይዘን እናነበዋለን፣ ሱቄ ግድግዳ ላይም እለጥፈዋለሁ፣ ልክ ሊያስለኩ የሚመጡ ልጃገረዶች ብዙ ናቸው።

አክባሪያችሁ
ልብስ ሰፊው፣ ከደሴ