ለሞስተርት የነፋስ ወፍጮ ለደረሳችሁ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት (በእሳቱ ሰሞን የተጻፈ)

ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በኒቆዲሞስ እሑድ ጠዋት፣ በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ከሮድስ መታሰቢያ አጠገብ የተነሣው እሳት ቁልቁል ወርዶ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲን የጃገር ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ አቃጠለ። ሞውብሬ በተባለው የከተማው ሰፈር የቆመው የሞስተርት የነፋስ ወፍጮም በዚያው ቀን ነደደ። ግድግዳው ቀርቷል። ከእንጨትና ከሣር የተሠራው ግን ክንፉም ቆቡም መዘውሩም ዐመድ ሆኗል።

በጭስ መሐል ቱቦ ለጎተታችሁ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከሄሊኮፕተር ውኃ ላፈሰሳችሁ አብራሪዎች፣ ተማሪዎችን ከመኖሪያቸው ላወጣችሁና ለመገባችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። «ወፍጮውን ለምን አላዳኑትም?» ለሚል ሰው መልሳችን አጭር ነው፤ በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ይቀድማል። ደግሞም የሣር ክዳን አንዴ ከተያያዘ በኋላ ማዳኑ እጅግ ከባድ ነው።

ለምን እንዲህ በፍጥነት እንደ ነደደ ብዙዎች ጠይቃችኋል። የወፍጮው ቆብ በሣር የተከደነ ነው። ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ዝናብን አንሸራትቶ ይጥላል፤ በነፋስ የመጣ ፍም ግን በሣሩ መሐል ይሰካና ከውስጥ እየጨሰ ይቆያል። ነበልባሉ ከውጭ ሲታይ ውስጡ አልቋል። ከሥር ለዘመናት የደረቀ እንጨት አለ፤ ክቡ ግንብ ደግሞ በታች በሩ አየር እየሳበ እንደ ጭስ ማውጫ ያገለግላል። የነፋስ ወፍጮ በታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ከውስጥ ነበር። ማዕበል ሲነሣ ፍሬኑ የሚሽከረከረውን ትልቅ መዘውር ሲያንቅ እንጨት ከእንጨት ይፋተግና ይግላል፤ ወይም እህል ያለቀበት ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ይጋጭና ብልጭታ ያወጣል። ይህኛው የተቃጠለው ግን ቆሞ ሳለ፣ በውጭ እሳት ነው።

የጠፋው ነገር ምን እንደ ነበር ለማወቅ የእናቶቻችንን መጅና ወፍጮ ማሰብ ይበቃል። የእጅ ወፍጮ መጁን ወዲያና ወዲህ ይገፉታል፤ የነፋሱ ግን የላይኛው ክብ ድንጋይ በታችኛው ላይ ይዞራል። ክንፎቹ ሸራ ለብሰው ጋደም ያለውን ዘንግ ያዞራሉ፤ በዘንጉ ላይ ያለው ባለ ጥርስ መዘውር እንቅስቃሴውን ወደ ቋሚ ምሰሶ ያስተላልፋል፤ ድንጋዩም ከዚያ ጉልበቱን ያገኛል። እህሉ በመካከለኛው ቀዳዳ ገብቶ በጠርዙ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለው ክፍተት በቀዳዳው አካባቢ ሰፋ ይላል፤ ወደ ጠርዙ ሲደርስ እንደ ስስ ወረቀት ይጠባል። ነፋሱ ሲበረታ ድንጋዩ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ፈጪው ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ካልሆነ ዱቄቱ ይሻክራል። ከልክ በላይ ካወረደው ደግሞ ይግልና የተቃጠለ ጠረን ያመጣል። ለዚህ ነው ፈጪ ሁልጊዜ ዱቄቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እያሸ የሚሞክረው። ድንጋዩም እንደኛው ይወቀራል።

ወፍጮውን እ.ኤ.አ. በ1796 ቬልገሌገን በተባለ እርሻው ላይ ያሠራው ሃይስበርት ቫን ሬነን ነው፤ ስያሜው የመጣው ከአማቹ ከሲብራንድ ሞስተርት ነው። እንግሊዞች የኬፕን ቅኝ ግዛት ከደቾች (ከሆላንዶች) ከያዙ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር። ስንዴው ግን ከዚያ በፊት የተጀመረ ነገር ነው። የደች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1657 በሊስቤክ ወንዝ ዳር ለቀድሞ ሠራተኞቹ መሬት አደለ፤ መሬቱ የኮይኮይ ሕዝብ የከብት ግጦሽ ስለነበር በ1659 ጦርነት ተነሣ። በኬፕ ባርነት በሕግ የቀረው በ1834 ነው። ይህ ወፍጮ በቆመባቸው በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የእርሻው ሥራ በባርነት በተያዙ ሰዎች ትከሻ ላይ እንደ ነበር ግልጽ ነው፤ ምስጋና እየጻፍን እነርሱን ዘልለን ማለፍ አንችልም። ወፍጮው በ1873 አካባቢ ሥራ አቆመ። መሬቱን በ1891 የኬፕ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሴሲል ሮድስ ገዛው፤ በ1930ዎቹ አጋማሽና እንደገና በ1995 ታደሰ። ከሁለተኛው እድሳት ወዲህ ዱቄት ይፈጭ ነበር። እኛን ያንገበገበን ይኸው ነው፤ የሚሠራ ወፍጮ ነው የነደደው።

አሁን ለመርዳት ለምትጠይቁ፣ ከገንዘብ በፊት ትዕግሥት ያስፈልጋል። በእሳት የጋለ ግንብ ላይ ውኃ ሲፈስ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፣ ኖራውም ይላላል፤ ስለዚህ የግድግዳው ቀጥ ማለት በቱምቢ ሳይለካ ማንም ውስጥ አይግባ። ክረምቱ እየመጣ ነው (የኬፕ ክረምት ከግንቦት ጀምሮ ነው)፤ የግድግዳው አናት ቶሎ ካልተሸፈነ ዝናቡ እሳቱ ያስቀረውን ይጨርሰዋል። በእሳት ያለፈ ብረት ቅርጹ ቢተርፍም ጥንካሬው ስለሚቀንስ እንደገና ሸክም ላይ አይዋል። የወፍጮ ድንጋዩን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ የሚጮኸው ጤነኛ ነው፣ የታፈነ ድምፅ የሚያሰማው ውስጡ ተሰንጥቋል። ዐመዱ ሳይመዘን፣ ሳይነፋና ፎቶ ሳይነሣ በአካፋ እንዳይጠረግ አደራ! አንድ የተቃጠለ ጥርስ ብቻ ቢገኝ የመዘውሩን ልክ ይነግራል። ለአዲሱ ጥርስ ጠንካራና በደንብ የደረቀ እንጨት ይፈለጋል፤ እርጥቡ ከተገጠመ በኋላ ይኮማተርና ይላቀቃል።

በመጨረሻም በጃገር ምድር ቤት፣ እሳት ለማጥፋት በፈሰሰው ውኃ ውስጥ ገብታችሁ፣ ተሰልፋችሁ መጻሕፍቱን በፕላስቲክ ሣጥን ከእጅ ወደ እጅ ላቀበላችሁ በጎ ፈቃደኞች ምስጋናችን ይድረሳችሁ። የረጠበ ወረቀት በቀናት ውስጥ ይሻግታል፤ ወደ ማቀዝቀዣ የደረሰው ግን ጊዜ ያገኛል። ያንን ጊዜ ያስገኛችሁት እናንተ ናችሁ፤ እጃችሁ ይባረክ።

በኬፕ ታውን የምንኖር አማርኛ ተናጋሪ የእንጨት፣ የግንብና የወፍጮ ሠራተኞች