ወደ ኋላ የተከፈተው በር ወደ ፊትም ይከፈት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሐዋሳ ከተማ፣ መናኸሪያ አካባቢ፣ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ እየሠራሁ ልጆች የማሳድግ ሴት ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። የምጽፈው 12ኛ ክፍል ስለደረሰች ልጄ ነው፤ የሚችል የ12ኛ ክፍል ተማሪ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ፈተና አስቀድሞ እንዲወስድ ይፈቀድ ለማለት ነው። ጉዳዩ የእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ወረቀት አላባክንም ነበር፤ አንድ ደስጣ ወረቀት ዛሬ ስንት እንደገባ የሚገዛ ያውቀዋል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ በእጁ የሠራውን የሒሳብ መልመጃ ለጓደኞቹ ሊያባዛ መጣ። ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ዩኒፎርሟን እንኳን ሳትቀይር፣ ወረቀት እየደረደረች ስቴፕለር ትመታ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። “ወንድሜ፣ ይቺ አራተኛዋ ተሳስታለች” አለችው።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንደገባኝ በአማርኛ ልንገራችሁ። “እያንዳንዱ ተማሪ የሚወደው መምህር አለው” የሚለውን አባባል አፍርሱ፣ ማለትም አባባሉ ሐሰት ሲሆን እውነት የሚሆነውን ጻፉ ይላል። ልጁ “ማንም ተማሪ የሚወደው መምህር የለውም” ብሎ ጽፏል። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምጽፈው። ልጄ ግን “እሱን ለማፍረስ እኮ ሁሉም ተማሪ መምህሮቹን መጥላት የለበትም። የሚወደው መምህር የሌለው አንድ ተማሪ ከተገኘ ይበቃል” አለችው። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ “አንቺ ስንተኛ ዓመት ነሽ?” ሲላት “አሥራ አንደኛ ክፍል” አለችው። ሳቀ፤ መልሱን በእስክሪብቶ ሰርዞ አስተካከለና እንደገና አባዛሁለት። የሁለተኛውን ዙር ሒሳብ አልተቀበልኩትም።

ማታ ቤት ስንገባ ከየት እንደተማረችው ጠየቅኋት። አልጋዋ ሥር ካለው ካርቶን አንድ ክምር ወረቀት አወጣች። እኔ ቤት ማሽኑ ሲነክስ የሚበላሸውን ኮፒ አልጥልም፤ ጀርባው ለሒሳብ መያዣ ይሆናል ብዬ ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጣለሁ። ለካ እሷ ከዚያ ውስጥ የፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት) ሒሳብ ሞጁል ገጾችን እየለቀመች ከዓመት በላይ ቆይታለች። አንዱ ገጽ የተጣመመ፣ አንዱ ግማሹ የጠቆረ፣ አንዱ ራስጌው የተቆረጠ ነው፤ ብቻ በቁጥራቸው ተሰድረዋል። መሐል ላይ አራት ገጾች ይጎድላሉ። “እነዚህ ገጾች ተበላሽተው አያውቁም” አለችኝ፤ ቅር ያላት በእኔ ንጽሕና ነበር። እኔም በማግስቱ ሙሉውን አትሜ በስፓይራል ጠረዝኩላት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሞጁሉን ጨርሳለች፤ መልመጃዎቹንም ሠርታለች። ይህንን ለሒሳብ መምህሯ ስታሳይ “ለማትሪክ አይመጣም፣ ጊዜሽን አታባክኚ” ተባለች። በመምህሩ አልፈርድም፤ ስድሳ ልጅ ፊቱ ተቀምጦ ለአንዷ ምን ያድርግ? እኔ ግን ሱቄን ለግማሽ ቀን ዘግቼ ወደ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ሬጅስትራር ሄድኩ። “ልጄ ከአንደኛ ዓመቶቹ ጋር ተቀምጣ የሒሳቡን የማጠቃለያ ፈተና ብትወስድ፣ ውጤቷ ተመዝግቦ ቢቆይላት፣ ክፍያም ካለ ብከፍል?” አልኩ። የተቀበለችኝ ወጣት በጨዋነት አዳመጠችኝና “እናቴ፣ የተማሪ ቁጥር ከሌላት ሲስተሙ አይቀበላትም” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ደንብ የሌለውን ነገር እሷ ከየት ታመጣዋለች? ደንቡ ይውጣ ብዬ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ዓይነት የትምህርት ሥርዓት አይተናል። እኔ በ1987 ዓ.ም. ማትሪክ የወሰድኩ ነኝ፤ ከኤ እስከ ኤፍ ተሰጥቶ የአምስት ትምህርት ውጤት የሚደመርበት ዘመን ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከፍሬሽማን ይጀምራል፤ እኔ አልገባሁም፣ በማታ ኤክስቴንሽን በክሬዲት ሰዓት እየከፈልኩ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ዲፕሎማ ያዝኩ። ትልቁ ልጄ ደግሞ በመሰናዶ ዘመን ደረሰ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፍሬሽማን ከዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ 11ኛና 12ኛ መሰናዶ ተብለው ነበርና፣ እሱ በሦስት ዓመት ዲግሪውን ጨርሶ ወጣ። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመልሶ መጣ፤ የዲግሪው ዘመንም አራት ዓመት ሆነ። ለትንሿ ልጄ የደረሳት ይኼኛው ነው።

ይህን የማነሣው ለትዝታ አይደለም። የኮሌጁን አንደኛ ዓመት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ማውረድ በዚህ አገር አዲስ ሐሳብ እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው። በመሰናዶ ጊዜ የፈለገውም ያልፈለገውም፣ የቻለውም ያልቻለውም አንድ ላይ ተሸከመው፤ ብዙው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መሠረቱ ሳስቶ ተገኘ ተባለና ትምህርቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። እኔ የምጠይቀው ለሁሉም እንዲጫን አይደለም። ለሚችል፣ በፈቃዱ፣ በአንድ ትምህርት ብቻ እንዲፈቀድ ነው። ደግሞ ከማሽኑ ፊት ቆሜ ስለምውል የማየው አለ፦ በትልቁ ልጄ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ የነበሩት ኤሊፕስና ሃይፐርቦላ፣ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ያ የማፍረስና የማገናኘት አመክንዮም ጭምር፣ ዛሬ በፍሬሽማኑ ሞጁል ውስጥ ቁጭ ብለዋል። የኤሊፕሷ ሥዕል እንኳን ያቺው ናት፤ ትንሽ ቀለም ከበዛባት የምትጠቁረው።

በተቃራኒው አቅጣጫ ግን መንገድ ተከፍቷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደርሷል። ካላለፉት መካከል የተሻለ ያመጡት ሬሜዲያል ተብለው ዩኒቨርሲቲ እየገቡ የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት እዚያ ይከልሳሉ። እሰየው! የጎረቤቴ ልጅ በዚያ መንገድ አልፎ ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲ የ12ኛ ክፍልን ትምህርት በግቢው ማስተማር ከቻለ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የዩኒቨርሲቲን ፈተና ቢፈተን ምን ነውር አለው?

ታናሽ እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። ልጇ ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ኤፒ የሚሉትን ወሰደ፤ እዚያ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ልጆቹ የኮሌጅ ደረጃ ያለውን ትምህርት በገዛ ትምህርት ቤታቸው፣ በገዛ መምህራቸው ይማሩና ግንቦት ላይ ኮሌጅ ቦርድ የሚባል ድርጅት ያዘጋጀውን ፈተና ይወስዳሉ። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። 3 የሚቀበል ኮሌጅ ብዙ ነው፤ 4 ወይም 5 ካልሆነ የሚልም አለ፤ ጭራሹን የማይቀበልም አለ። ካልኩለሱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ምርጫ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ የሚታይ ስድስት ጥያቄም አለው። የእህቴ ልጅ በካልኩለስ 5 አምጥቶ ኮሌጅ ሲገባ የአንደኛ ዓመቱን ሒሳብ ዘለለ። በታሪክ 3 አምጥቶ ደግሞ የገባበት ኮሌጅ አልቆጠረለትም። እህቴ በስልክ አማረረች፤ ለእያንዳንዱ ፈተና ወደ መቶ ዶላር ነው የከፈለችው። እንቅልፍ ያጣበትን ወራት ስትነግረኝም “ልጁን ጨረሽው እኮ!” ብያታለሁ። በዚያ አገር ሌላም መንገድ አለ፤ በአካባቢው ኮሌጅ ገብቶ ከኮሌጅ ተማሪዎች ጋር መማር ይቻላል፣ ነጥቡም ለሁለተኛ ደረጃውም ለኮሌጁም ይያዛል።

እንደ እነሱ እንሁን አላልኩም። መቶ ዶላር ከየት ይመጣል? እኛ እነሱ የሌላቸው አንድ ነገር ግን አለን። እዚያ እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱ ሕግ አለው፤ የእኛ ፍሬሽማን ግን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀ የጋራ ኮርስ ነው። እኔ የማባዛው ሞጁል ሐዋሳም፣ ጅማም፣ መቀሌም ያው ነው። አንድ ልጅ በሒሳቡ ቢ ቢያመጣ፣ የትም ቢመደብ ቢ ነው። የእህቴን ልጅ የታሪክ ውጤት የበላው ዓይነት ውዝግብ እዚህ የለም ማለት ነው።

ቦታና ጊዜስ? እሱም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከየወረዳው ተጓጉዘው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገባሉ፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይፈተናሉ። ማመልከቻ ያስገባውን ልጅ ከፈተናው ማግስት አንድ ሌሊት ብቻ አሳድሮ ጠዋት አንድ የፍሬሽማን ትምህርት መፈተን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳብ ብቻ ይሁን። የወደቀ ምንም አይጎድልበት፣ ውጤቱም ከማትሪኩ ጋር አይቀላቀል። ያለፈ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያንን ኮርስ አይድገመው።

“ይህ ለከተማ ልጅ ነው” የሚለኝ ሰው ግማሽ እውነት ይዟል። የእኔ ልጅ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሥር ነው ያደገችው። እኔ ራሴ ከይርጋለም የመጣሁ ነኝና ከዚያም ርቆ፣ በንሳ ወይም አሮሬሳ ገጠር ያለ ልጅ ሞጁል ቀርቶ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ እንኳን ለብዙ ልጅ አንድ ሲደርሰው አውቃለሁ። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን መጽሐፍ በፍላሽ ይዘው መጥተው ከደመወዛቸው ሲያሳትሙ እኔው ነኝ የማትምላቸው። ፈተናውን ስለከለከልነው ግን ለበንሳው ልጅ መጽሐፍ አይደርሰውም። ፈተናው ካለ ቢያንስ አንድ መምህር አንድ ሞጁል ይዞለት የሚሄድበት ምክንያት ይኖራል።

“ሞጁል ስለምትሸጥ ነው የምታወራው” የሚለኝም አይጠፋም። ልክ ነው፤ እሸጣለሁ። ግን ኮርሱን 12ኛ ክፍል ላይ የጨረሰ ልጅ ፍሬሽማን ሲሆን ከእኔ አይገዛም፤ ስለዚህ ሒሳቡን ስሠራው ኪሳራ ነው።

ልጄ ዘንድሮ ሰኔ ትፈተናለችና ለእሷ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ካለፈች በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሞጁል ከገጽ አንድ ጀምራ ልትማር ነው፤ “ደግሞ አራቱን ገጾች በደንብ አላየኋቸውም” ትለኛለች ስትቀልድ። ትምህርት ሚኒስቴር ሐሳቡን ተቀብሎ ለሙከራ እንኳን ቢጀምረው የጥያቄ ወረቀቱን በነጻ አባዛለሁ ልል ነበር። በ2008 ዓ.ም. የማትሪክ ፈተና ከቀኑ በፊት ሾልኮ ወጥቶ የሆነው ትዝ አለኝና ተውኩት፤ ለፎቶ ኮፒ ቤት ፈተና አይሰጥም። ማመልከቻ ቅጹን ግን አባዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ሐዋሳ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ)