ጨውን ማቀዝቀዝ አይበቃም

ውድ አዘጋጅ፣ በልጆች ገጻችሁ ላይ ጨው በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ስታቀዘቅዙት ክሪስታል ይሆናል ብላችሁ ነበር። ልጄ ሞከረች። ጠዋት ስታየው ምንም የለም፣ ኩርፊያው ለእኔ ተረፈ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀዝቃዛም ሆነ የፈላ የሚያሟሟው ጨው ከ36 እስከ 39 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ማቀዝቀዙ እምብዛም አይረዳም፣ ውሃው ራሱ ቀስ ብሎ መትነን አለበት። (የዳናኪል ጨውም እኮ የቀይ ባሕር ውሃ ተንኖ የቀረ ነው!) ስኳር ግን ሌላ ነው፣ በሙቅ ውሃ በጣም ብዙ ይሟሟል፣ ሲቀዘቅዝ ትርፉ ይወጣል። እኛ የጨዉን ውሃ ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጠን፣ በስስ ጨርቅ ሸፍነን መስኮት ዳር ተውነው። በሳምንቱ ጥርት ያሉ ትንንሽ ኩቦች! እባካችሁ እርማት አውጡልን፣ ልጅቷ አሁንም ከእኔ ይልቅ የምታምነው ጋዜጣውን ነው።