ከጥቅምት የእግር ጉዞ በኋላ ጠላ ቤቶቻችን ይታሰቡ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅና ሜዳው ገና በአደይ አበባ ቢጫ እንደ ሆነ፣ ስለ ባሕር ዳር የሚጻፉት ጽሑፎች ሁሉ እንግዳውን በሐይቁ ዳር ወዳሉት ሆቴሎች ብቻ መምራታቸው ቅር ያሰኘኛል። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ጢስ ዓባይ ተነሥቶ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮና ፏፏቴውን ከማዶ አይቶ የተመለሰ መንገደኛ የሚሻው የሆቴል አዳራሽ ሳይሆን፣ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት፣ መደቡ አጎዛ የለበሰ ጠላ ቤት ነው።

እዚያ ከብቅል፣ ከጌሾና ከእንኩሮ የተጠመቀ ጠላ፣ ዳር ዳሩን ጢስ ጢስ እያለ፣ ከቆሎ ጋር ይቀርባል። እማማ ጠማቂዋ «ደክሟችኋል፣ አረፍ በሉ» ብለው ሳይጠየቁ ይደግሙታል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ መኪና የሚነዳ ሰው ቀድሞ ቡና ቢጠይቅ ይሻለዋል። በዘጌ ደኑ ራሱ የቡና ደን ስለሆነ፣ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት መልስ ጀበናው ዘንድ መቀመጡን እመርጣለሁ።

በከተማው ግን ባለፈው ሳምንት ማር ነው ተብሎ በብርሌ የቀረበልኝ ጠጅ ስኳር ስኳር ይል ነበር። ጋዜጣችሁ ስለ ጉብኝት በሚያወጣው ዓምድ የገጠር ጠማቂ እናቶችንም ቤት እንዲያካትት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ