ቦዩን ለመድፈን ምን አስቸኮለ?

ውድ አዘጋጅ፣

ሰፈራችን ያለ አንድ ነዳጅ ማደያ የምድር ውስጥ ታንኩ ሲያፈስ ኖሯል። ባለፈው ሰሞን እስካቫተር መጥቶ ቦይ ቆፈረ። ቆሜ አየሁ። ላይኛው አፈር ቀይ ነው። ሁለት ሜትር ገደማ ሲወርድ ግራጫ ሆነ፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ታች የተጠራቀመው ውሃ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተንሳፏል። አንዱ ሠራተኛ ዳር ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል፤ እኔ ነኝ የሸሸሁት!

ቤንዚንም ናፍጣም ከውሃ ይቀላሉ። ስለዚህ ቦዩ የከርሰ ምድር ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ አግድም አቋርጦ ክፍት ቢቆይ፣ ነዳጁ እየመጣ ይጠራቀምበታል፤ ከላይ ከላይ በፓምፕ ይሳባል። ይህ የወራት ሥራ ነው። የእኛዎቹ በሦስተኛው ቀን ደፈኑት።

አፈሩንም በገልባጭ ጭነው ወሰዱት። ጎረቤቴ ለግቢ መሙያ ሲለምናቸው ሰምቻለሁ። ያ አፈር ውሃ በማያሳልፍ ሸራ ላይ ተዘርግቶ፣ እየተገላበጠ አየር ቢያገኝ ባክቴሪያ ነዳጁን ይበላው ነበር። የት እንደተደፋ የነገረን የለም።

ከማደያው ቁልቁል ሦስት ግቢዎች የጉድጓድ ውሃ ይጠጣሉ። ነዳጅ ውስጥ ያለው ቤንዚን (በእንግሊዝኛ benzene፤ መኪና ከሚቀዳው ቤንዚን ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው) የሚባለው ኬሚካል ካንሰር ያመጣል፤ ውሃ ውስጥም ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። እባካችሁ፣ የሚመለከተው አካል የእነዚህን ጉድጓዶች ውሃ ያስመርምርልን፤ ውጤቱንም ይንገረን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ