የወተት ዋጋ በረት ውስጥ አይወሰንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ወተት መወደድ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጣታችሁን የቀሰራችሁት እኛ ላም አርቢዎቹ ላይ ነው። አዘዞ አራት ዲቃላ ላሞች አሉኝ፤ እስቲ የእኔንም ስሙኝ።

ላሞቼ የሚበሉት ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ፉርሽካው ከዱቄት ፋብሪካ ነው። ፋጉሎው ከኑግ ዘይት ጨማቂዎች። አተላው ከዳሽን ቢራ ፋብሪካና ከሰፈር ጠላ ቤቶች። ጭዱን የደምቢያ ገበሬ ያመጣዋል። ዳቦ፣ ዘይትና ቢራ የሚሠራ ሰው ስለ ወተት አስቦ አያውቅም። የእሱ ትራፊ ከሌለ ግን የእኔ ላም ወተት የላትም። መብራት ጠፍቶ ወይ ስንዴ አጥሮ ዱቄት ፋብሪካው ሲቆም፣ የሚቸገረው ዳቦ ቤቱ ብቻ አይደለም። ሳይውል ሳያድር የእኔም ጣሳ ይጎድላል።

የቢራ አተላ አብዛኛው ውሃ ነው። ጥቂት ቀን ካደረ ይበላሻል፣ ራቅ ላለ ሰው የመኪናው ኪራይ አያዋጣም። ፉርሽካ ግን ደረቅ ነው፤ በጆንያ ይከማቻል። ነጋዴው የሚጫወተውም እሱ ላይ ነው። ባለፈው ሦስት ኩንታል ፈልጌ አንድ ፋብሪካ ሄድኩ (ስሙ ይቅር)። «በጅምላ ካልሆነ አንሸጥም» አሉኝ። ከአጥሩ ማዶ ከቆመ አይሱዙ ላይ ያንኑ ፉርሽካ ጨምሬ ገዛሁ። መቶ እርምጃ እንኳ አልሄደም!

ነጋዴው ካሽ ነው የሚፈልገው። ፒያሳ ያለው ካፌ ደግሞ ለወተቱ የሚከፍለኝ በወሩ መጨረሻ ነው። በመሃል ያለውን ዱቤ የምሸከመው እኔ ነኝ።

ጾም ሲገባ ደግሞ ማኪያቶ የሚጠይቅ ይጠፋል፤ ካፌው ትዕዛዙን ይቀንሳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ላም ጾም አታውቅም፣ ጠዋት ማታ ትታለባለች። ማቀዝቀዣ ስለሌለን እንንጠዋለን። ለአንድ ኪሎ ቅቤ 20 ሊትር ገደማ ወተት ይሄዳል። (ባለቤቴ «የምንጠው እኔ ነኝ፣ እሱንም ጻፍ» ብላለች። ይኸው ጻፍኩ።)

አሥር አሥራ አምስት ሆነን ብንደራጅ ጅምላውን እኛም እንችላለን። ፋብሪካዎቹ ከሚሸጡት ትንሽ ድርሻ ለአርቢ ማኅበር በቀጥታ ቢይዙልን በቂ ነው። ለከብቶቹ የሚያስፈልገን ተቆጥሮ የሚታወቅ ነው፤ ከዚያ በላይ አንጠይቅም።

ስለ ወተት ደግማችሁ ከጻፋችሁ፣ ወደ በረቴ ከመምጣታችሁ በፊት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዱቄት ፋብሪካ በር ቁሙ። አይሱዙዎቹን ቁጠሩልኝ።

ላም አርቢው፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር