የቅዳሜ የጋራ አትክልት ግዢ

ውድ የእድራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

የፊታችን ቅዳሜ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮትና ጎመን በጅምላ ገዝተን እንከፋፈላለን። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ ሃይሌ ጋርመንት ከገባ ወዲህ ከተክለ ሃይማኖት ለሁለት ኪሎ ሽንኩርት ብሎ የሚሄድ የለም፤ የታክሲው ሂሳብ ቅናሹን ይበላዋል። ጉልት ላይ በመደብ ስንገዛ ደግሞ ጎመኑ እንኳን ለቤተሰብ አልበቃ ብሏል።

ሦስት ሰዎች ንጋት 11 ሰዓት ይወጣሉ። ክፍፍሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ የእድሩ ዕቃ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። መዋጮው 400 ብር ሲሆን እስከ ሐሙስ ማታ ለገንዘብ ያዣችን ይሰጥ። እጅ ያጠረው ለእሷ ብቻ ይንገራት፤ ድርሻው አይቀርም፣ ስሙም እዚህ አይነሳም።

እባካችሁ ዘንቢል ያዙ። ባለፈው በፌስታል ታስሮ ያደረው ሽንኩርት ላብ አውጥቶ እሁድ ጠዋት ግማሹ ተበላሽቶ ነበር፤ በጣም አሳዝኖኛል።

አንድ የምንወስነው አለ፦ በሚተርፈው ገንዘብ እንቁላል እንግዛ ወይስ ምስር? እኔ እንቁላል እላለሁ፤ ልጆቻችን ሳምንቱን በሽሮ ብቻ ነው የሚገፉት።

የምትሳተፉ ስማችሁንና ምርጫችሁን እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።